ተራ ሣጥን ወደቦችን እንዴት ድል ነሣ

ሸቀጥን በትልቅ ሣጥን አሽጎ ማጓጓዝ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ግኝት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝና የፈረንሳይ የባቡር ኩባንያዎች የቤት ዕቃ በእንጨት ሣጥን ያመላልሱ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የአሜሪካ ጦር የወታደሮቹን ጓዝ «ኮኔክስ» በሚባል የብረት ሣጥን መላክ ጀምሯል። ብልሃቱ እያለ መርከበኛውም፣ ነጋዴውም፣ ወደቡም ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት ለረጅም ዘመን ኖሩ። ከ1956 በኋላ ግን ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ዓለም ሁሉ ወደ ሣጥኑ ተሯሯጠ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰውም ሆነ ኢንዱስትሪ አዲስ ቴክኖሎጂን መቼና ለምን እንደሚቀበል ማወቅ ለሚሻ፣ ከኮንቴይነር ታሪክ የተሻለ አስተማሪ ማግኘት ይቸግራል።

ታሪኩ የሚነሣው ከየብስ ነው። ማልኮም ማክሊን በ1913 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ማክስተን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። በ1934፣ የኢኮኖሚ ድቀቱ አገሩን አንቆ በያዘበት ሰዓት፣ ሥራ ብሎ የጀመረው በአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ነበር። እኅቱና ወንድሙም አብረውት ሠሩ። ማክሊን ሳንቲም ቆጣሪ ሰው ነበር፤ ከነዳጅም፣ ከጎማም፣ ከጊዜም ምን ማትረፍ እንደሚቻል ሲያሰላ ይውላል። በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ኩባንያው ከ600 በላይ የጭነት መኪናዎች ባለቤት ሆኖ በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ አጓጓዦች ተርታ ተሰለፈ።

በስተርጅናው ማክሊን አንድ ወግ ያወራ ነበር። በ1937 ጥጥ ጭኖ ኒው ዮርክ አጠገብ ወደምትገኘው ሆቦከን ወደብ ሄዶ፣ ወዛደሮቹ ቦንዳውን አንድ በአንድ ሲያወርዱ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲጠብቅ «መኪናዬን እንዳለች አንሥተው መርከቡ ላይ ቢያስቀምጧት ምናለ?» የሚል ሐሳብ መጣለት ይላል። የታሪክ አጥኚዎች ይህን ወግ ይጠራጠሩታል። በሰነድ የተረጋገጠው ምክንያት ከዚህ ይልቅ ደረቅ ነው። በ1953 የምሥራቁ ጠረፍ አውራ ጎዳናዎች በመኪና ተጨናንቀው የማክሊን ሾፌሮች መንገድ ላይ ያድሩ ጀመር። በዚያ ላይ መንግሥት ከጦርነቱ የተረፉትን መርከቦች በርካሽ ስለሚሸጥ፣ የጠረፍ መርከብ ኩባንያዎች የጭነት ኪራይ ሰብረው ገበያውን እንዳይነጥቁት ሰጋ። ወደ ባሕር የገፋው እንግዲህ የተፎካካሪ ፍርሃት ነው።

ሆኖም ሕጉ አላላውስ አለው። በዘመኑ የነበረው የአሜሪካ የትራንስፖርት ሕግ የጭነት መኪና ኩባንያ የመርከብ ኩባንያ እንዳይዝ ይከለክል ነበር። ማክሊን በ1955 ፓን አትላንቲክ የተባለውን አነስተኛ የመርከብ ድርጅት ገዛና፣ ሕጉን ላለመጣስ ሲል ከባዶ ተነሥቶ የገነባውን የመኪና ኩባንያ ድርሻውን ሸጠ። የሚያውቀውንና የሚያተርፈውን ሥራ ለማያውቀው ሥራ ለወጠ። በዘመኑ የነበሩ የመርከብ ባለቤቶች እንዲህ ያለ ነገር አላሰቡትም። እነሱ መርከብ የሚወዱ የባሕር ሰዎች ነበሩ። ማክሊን ግን መርከቡን ያየው ሌላ ዓይነት መንገድ አድርጎ ነበር። ደንበኛ የሚከፍለው ጭነቱ ከቦታ ቦታ እንዲደርስለት እንጂ መርከቡ እንዲያምርለት እንዳልሆነ ገብቶታል።

የዚያን ዘመን ወደብ ምን ይመስል እንደነበር በ1954 ዋርየር በተባለች መርከብ ላይ የተደረገ ጥናት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። መርከቧ ከብሩክሊን ወደ ጀርመን ብሬመርሃቨን ስትጓዝ የጫነችው 5 ሺህ ቶን ገደማ ሲሆን፣ በቁጥር ሲቆጠር 194,582 ነጠላ ዕቃ ነበር። ጆንያው፣ ካርቶኑ፣ በርሜሉ፣ ቦንዳው፣ የእንጨት ሣጥኑ እያንዳንዱ በሰው እጅ ተነሥቶ፣ በመረብና በሜንጦ ወደ መርከቡ ሆድ ወርዶ፣ እዚያም በሰው እጅ ተደርድሯል። ጭነቱ በማዕበል እንዳይንከባለል ለጣውላና ለገመድ ብቻ 5,031 ዶላር ወጥቷል። ለመጫን 6 ቀን፣ ውቅያኖሱን ለማቋረጥ 10 ቀን ተኩል፣ ለማራገፍ ደግሞ 4 ቀን ፈጀ። ከጠቅላላው ወጪ የባሕር ጉዞው ድርሻ 11 በመቶ ተኩል ያህል ሲሆን፣ በሁለቱ ወደቦች ለመጫንና ለማራገፍ የወጣው ግን ከ36 በመቶ በላይ ነበር። አትላንቲክን ከማቋረጥ ይልቅ ከመርከቡ እስከ መጋዘኑ ያለችው አጭር መንገድ ታስከፍል ነበር ማለት ነው።

ያ ወደብ የሚሠራው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» በሚለው አባባል ነበር። ሸክሙ በዛ ሲባል የሚጨመረው ሰው ነው። ወዛደሩ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተሰልፎ በአለቃው ጣት ተመርጦ ይገባል። አደጋው ብዙ፣ ሥራው ዛሬ አለ ነገ የለም ነው። ቢሆንም ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ እንጀራ ነበር። ከጭነቱ ላይ ጥቂት መቆንጠርም እንደ ደንብ ተቆጥሮ፣ ውስኪና ሲጋራ በየወደቡ ያለ ደረሰኝ ይሰወራል። ነጋዴው ይህን ሁሉ በኢንሹራንስና በኪራይ ዋጋ ይከፍለው ነበር።

ማክሊን ተሳቢውን ከነጎማው መርከብ ላይ መጫን ቦታ እንደሚያባክን ሲረዳ፣ ሣጥኑን ከሻንሲው ነጥሎ ለመጫን ወሰነ። ኪት ታንትሊንገር የተባለ መሐንዲስ ጠርቶ 33 ጫማ ርዝመት ያላቸው የአሉሚኒየም ሣጥኖች አሠራ። የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ባልቲሞር ወደሚገኘው የመርከብ ፋብሪካ በመጡ ጊዜ ማክሊንና የኩባንያው አለቆች የሣጥኖቹ ጣራ ላይ ወጥተው ዘለሉበት። ጣራው እንደሚሸከም ለማረጋገጥ ይህ በቂ ሆኖ አገኙት።

ሚያዝያ 26 ቀን 1956 አይዲያል ኤክስ የተባለች፣ በጦርነቱ ጊዜ የተሠራች አሮጌ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከኒው ጀርሲ ኒውዋርክ ወደብ 58 ሣጥኖች የላይኛው ወለሏ ላይ ደርድራ ወደ ቴክሳስ ሂውስተን ተነሣች። ክሬኑ በየሰባት ደቂቃው አንድ ሣጥን እያነሣ፣ መርከቧ 8 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ተጭና አለቀች። በሽኝት በዓሉ ላይ ከተገኙት እንግዶች መካከል አንድ የወደብ ሠራተኞች ማኅበር መሪ ስለ አዲሷ መርከብ ምን እንደሚያስብ ሲጠየቅ፣ ቢያሰምጣት ደስ እንደሚለው በስድብ አጅቦ ተናገረ። የሚመጣውን ከብዙዎቹ እንግዶች ቀድሞ አይቶት ነበር። ሂሳቡ ሲሠራ በተለመደው መንገድ አንድ ቶን ለመጫን 5 ዶላር ከ83 ሳንቲም ሲወጣ፣ በአይዲያል ኤክስ የወጣው 16 ሳንቲም እንኳ አልሞላም።

ይህን ያህል የዋጋ ልዩነት የተመለከተ ሁሉም ወዲያው ይከተለዋል ብሎ ይገምታል። ግን የተከተለው ጥቂት ነው። የመርከብ ባለቤቱ ሣጥን ለመጫን መርከቡን አፍርሶ ማሠራት አለበት። ወደቡ ከባድ ክሬንና ሰፊ ሜዳ ያስፈልገዋል። ፋብሪካው ሣጥን የሚሞላ ጭነት በአንዴ ላይኖረው ይችላል። እያንዳንዳቸው ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃሉ። ከሁሉም በላይ ትርፉ የሚገኘው ሁሉም አንድ ላይ ሲለወጡ እንጂ አንዱ ብቻውን ሲለወጥ አይደለም።

ማክሊን ራሱ ይህን በገንዘቡ ተማረ። በ1957 ጌትዌይ ሲቲ የተባለች፣ ሆዷ በሙሉ ለኮንቴይነር መደርደሪያ የተሠራላት፣ 226 ሣጥን የምትይዝ መርከብ አሰማራ። በ1958 መጀመሪያ ግን ሁለት መርከቦቹ ፖርቶ ሪኮ ሳን ሁዋን ሲደርሱ የወደቡ ሠራተኞች አናራግፍም አሉ። መርከቦቹ ለአራት ወር ያህል ያለ ሥራ ቆሙ። ስምምነት የተገኘው ኩባንያው አንድን መርከብ ለማራገፍ 24 ሰው ያለው ቡድን ለመቅጠር ከተስማማ በኋላ ነው። ብልሃቱ ሰው እንዳያስፈልግ ተብሎ የተሠራ ሲሆን፣ ብልሃቱን ለማስገባት የማያስፈልገው ሰው ደመወዝ መከፈል ነበረበት።

በምዕራቡ ጠረፍ ያለው ማትሰን የተሰኘ ኩባንያ ሌላ መንገድ ያዘ። ከካሊፎርኒያ ወደ ሃዋይ ሸቀጥ፣ ከሃዋይም አናናስና ስኳር የሚያመላልሰው ይህ ድርጅት በ1956 ፎስተር ዌልደን የተባለ የዩኒቨርሲቲ ምሁር ቀጥሮ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት ሰነዶችን አስመርምሮ፣ ለራሱ ጭነትና ለራሱ መንገድ የሚስማማው ሣጥን ባለ 24 ጫማ እንደሆነ ደረሰበት። በነሐሴ 1958 የመጀመሪያዎቹን 20 ኮንቴይነሮች ጫነ። በ1959 አላሜዳ ላይ ያስተከለው ልዩ ክሬን በየሦስት ደቂቃው አንድ ሣጥን ማንሣት ይችል ነበር። ማክሊን ዘልሎ ገብቶ ነው የተማረው፣ ማትሰን ደግሞ ተምሮ ነው የገባው። ሁለቱም ግን መነሻቸው አንድ ነው፤ የጫኝና አውራጅ ወጪ እየናረ ትርፋቸውን ይበላባቸው ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ተሸናፊው ምን ይሁን የሚለው ነው። በምዕራቡ ጠረፍ የወደብ ሠራተኞች መሪ ሃሪ ብሪጅስ ማሽኑን ማስቆም እንደማይቻል ገብቶት፣ ከእንቢታ ይልቅ ድርድርን መረጠ። በጥቅምት 1960 በተፈረመው ስምምነት አሠሪዎቹ በአምስት ዓመት ተኩል ውስጥ 29 ሚሊዮን ዶላር ለሠራተኞቹ ዋስትናና ጡረታ ለመክፈል፣ ሠራተኞቹም አዲሱን አሠራር ላለማደናቀፍ ቃል ገቡ። በምሥራቁ ጠረፍ ትግሉ ከረረ፤ አድማ ተከትሎ አድማ ሆነ። በ1964ቱ ውል ግን የኒው ዮርክ ነባር ሠራተኛ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም በዓመት የ1,600 ሰዓት ክፍያ እንዲያገኝ ዋስትና ተሰጠው። ከማሽኑ ትርፍ ላይ የሚጎዳው ሰው ድርሻ ሲያገኝ በሩ ተከፈተ።

ሌላው መሰናክል መጠን ነበር። የማክሊን ኩባንያ፣ ከ1960 ጀምሮ ሲላንድ የተባለው፣ ከመጀመሪያው 33 ጫማ ወጥቶ ባለ 35 ጫማ ሣጥን ይጠቀማል፤ የማትሰን ባለ 24 ጫማ ነው። የአንዱ ሣጥን በሌላው መርከብ አይገባም፣ በሌላው ክሬን አይነሣም። ይህ እስካለ ድረስ ነጋዴውም የባቡር ኩባንያውም አንዱን መርጠው ገንዘባቸውን አያስሩም። ከ1958 ጀምሮ በአሜሪካ፣ ከ1961 ጀምሮ ደግሞ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ሥር የተሰበሰቡ መሐንዲሶች ለዓመታት ተከራከሩ። በ1961 የአሜሪካኖቹ ኮሚቴ 10፣ 20፣ 30 እና 40 ጫማ የሚሉ ርዝመቶችን ሲያጸድቅ ሁለቱም ፈር ቀዳጅ ኩባንያዎች ከመስመር ውጭ ቀሩ። በጥር 1963 ግን ሲላንድ በሣጥኑ ማዕዘን ላይ የሚገጠመውን መቆለፊያ የፈጠራ መብቱን ለሁሉም ለቀቀ። ማክሊን ይህን ያደረገው ለበጎ አድራጎት አልነበረም፤ የራሱን ሣጥን ብቻ ይዞ ከሚቀር ሁሉም የሚጠቀምበት ሣጥን ቢኖር ገበያው እንደሚሰፋ አስልቶ ነው። የማዕዘኑ ንድፍ ተሻሽሎ በ1960ዎቹ ማብቂያ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሲወጣ፣ ያመነታ የነበረው ገንዘብ መፍሰስ ጀመረ።

ያም ሆኖ የመጨረሻውን ግፊት የሰጠው ጦርነት ነው። በ1965 አሜሪካ ወደ ቬትናም ወታደሮቿን በገፍ ስትልክ የሳይጎን ወደብ ታነቀ። መርከቦች ለሳምንታት ባሕር ላይ ወረፋ ይጠብቃሉ፤ የወረደውም ዕቃ የት እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል። ማክሊን እዚያው ድረስ ሄዶ፣ ጄኔራል ፍራንክ ቤሶንን የመሳሰሉ የጦሩ የአቅርቦት አለቆች ደግፈውት፣ በ1967 ወደ ካም ራን ቤይ የኮንቴይነር አገልግሎት ለመስጠት ውል ያዘ። በኅዳር 1967 በአንድ መርከብ 609 ኮንቴይነር ገባ። ጦሩ ስለ አዲስ ቴክኖሎጂ ተጨንቆ አልነበረም፤ ወታደሩ ስንቅና ጥይት ማጣት የለበትም፣ አሮጌው መንገድም አልሠራ ብሏል። በችግር ጊዜ የተወሰደው ውሳኔ በሰላም ጊዜ አሥር ዓመት ይፈጅ የነበረውን ክርክር ቋጨው።

ማክሊን ከዚያም ሌላ ትርፍ አየ። የመንግሥት ኪራይ የመሄጃውን ወጪ ስለሚሸፍን፣ ባዶ የሚመለሱት መርከቦች ያገኙት ሁሉ ንጹሕ ገቢ ነው። በ1968 መርከቦቹ ሲመለሱ ጃፓን እየቆሙ የቴሌቪዥንና የራዲዮ ጭነት ወደ አሜሪካ መውሰድ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ጃፓኖች የራሳቸውን የኮንቴይነር መርከብ አሰማሩ። የእስያ ፋብሪካ ከአሜሪካ መደብር ጋር በቅርብ የተሳሰረው ከዚያ ወዲህ ነው።

አውሮፓ ላይም ነገሩ ፈጠነ። በሚያዝያ 1966 ፌርላንድ የተባለች መርከብ 236 ኮንቴይነር ይዛ ወደ ሮተርዳም አቀናች። ሮተርዳም ለአዲሱ ሥራ መሬት አዘጋጅታ ጠበቀች። የለንደን የወደብ ሠራተኞች ማኅበር ግን በቲልበሪ የተሠራውን አዲስ የኮንቴይነር ማረፊያ ለሁለት ዓመት ያህል ሥራ አስፈታው። ጭነቱ አልጠበቀም፤ ፊሊክስቶ ወደምትባል፣ የለንደን የሥራ ደንብ ወደማይመለከታት ትንሽ ወደብ ዞረ። ዛሬ ፊሊክስቶ የብሪታንያ ትልቋ የኮንቴይነር ወደብ ናት። ከ1967 ጀምሮ የለንደን ጥንታዊ የመርከብ ማረፊያዎች ተራ በተራ ተዘጉ። ኒው ዮርክም ላይ ሥራው ወንዙን ተሻግሮ፣ በ1962 ኒው ጀርሲ ውስጥ ወደተከፈተው ኤልዛቤት ወደብ ሄደ፤ የማንሃተንና የብሩክሊን የመርከብ ማቆሚያዎች ባዶ ቀሩ። እንቢ ያለ ሁሉ ሣጥኑን አላስቆመም፤ ሣጥኑ በሌላ በር ገባ።

ፈር ቀዳጁ ግን ሁልጊዜ አላሸነፈም። በ1969 ማክሊን ሲላንድን ለአንድ የሲጋራ ኩባንያ በ530 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በዚያው ዘመን የታዘዙት፣ በሰዓት 33 የባሕር ማይል የሚጋልቡት ፈጣን መርከቦቹ በነዳጅ ርካሽነት የተሰሉ ነበሩ፤ በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ኪሳራ ሆኑ። ከዚያ ሌላ የመርከብ ኩባንያ ገዝቶ፣ ነዳጅ ይወደዳል ብሎ ቀርፋፋና ግዙፍ መርከቦች አሠራ፤ ነዳጅ ረከሰና በ1986 ኩባንያው ከሠረ። ሳንቲም በመቆጠብ የተነሣው ሰው ሁለት ጊዜ በነዳጅ ዋጋ ተሸነፈ። በ2001 ሲያርፍ ሣጥኑ ግን ያለ እሱ ዓለምን እየዞረ ነበር።

ኢትዮጵያም ይህን መንገድ በራሷ ሒሳብ ነው የገባችበት። በ1998 የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ከተነሣ በኋላ የአገሪቱ ወጪና ገቢ ጭነት ከአሰብ ወደ ጂቡቲ ሲዞር፣ ሣጥኑ ብዙ ጊዜ እዚያው ወደብ ላይ ይከፈትና ዕቃው በብትን በተሳቢ ተጭኖ ወደ መሐል አገር ይመጣ ነበር። ዕቃው ተጨማሪ እጅ ይነካዋል፤ ወደብ ላይ በቆየ ቁጥርም ዲሜሬጁ (የመዘግየት ክፍያው) ይከመራል፣ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። በ2009 በጂቡቲ የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል ሲመረቅ፣ በዚያው ዓመት የሞጆ ደረቅ ወደብ ሥራ ጀመረ። በ2011 የመርከብ፣ የደረቅ ወደብና የትራንዚት ድርጅቶቹ ተዋህደው አንድ ሲሆኑ፣ መልቲሞዳል የሚባለው ኮንቴይነሩን እንደታሸገ እስከ ሞጆ የማድረስ አሠራር ተጠናከረ። ወደ ውጭም ቡናችን የሚሄደው በሣጥን ነው፤ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚመዝን 320 ጆንያ ይይዛል። ወደብ ለሌለው አገር ሣጥኑ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ የወደቡን ሥራ እስከ አገር ውስጥ ይዞ መምጣት።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ሣጥኑ የተሻለ ስለሆነ ብቻ የተቀበለው አንድም ወገን የለም። ማክሊን ተፎካካሪ ፈርቶ፣ ማትሰን ወጪ ከብዶት፣ ሠራተኛው ዋስትና አግኝቶ፣ ባቡሩና መርከቡ መጠኑ አንድ ሲሆንላቸው፣ ጦሩ አማራጭ አጥቶ፣ ለንደንና ኒው ዮርክም ሥራው ጥሏቸው ሲሄድ ነው የተቀበሉት። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱና በየእርሻው አዲስ ማሽን ወይም አዲስ አሠራር ገብቶ ሥራ ላይ ሳይውል ሲቀር «ሕዝቡ ለውጥ አይወድም» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ግን አራት ጥያቄዎች መጠየቅ አለባቸው፤ ወጪውን የሚከፍለው ማነው? ትርፉን የሚያገኘው ማነው? እንጀራውን የሚያጣው ምን ተዘጋጀለት? ከሌሎቹ አሠራሮች ጋርስ ይገጥማል? እነዚህ ካልተመለሱ ስልጠናም፣ መመሪያም፣ ምርቃትም አዲሱን ነገር ሥራ ላይ አያውሉትም።